የአባቴ የመስሪያ ቤት ህክምና ሲቆም ለእሳቸውም ለእናቴም ጤና መድን የመረጥንበት መንገድ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ይሄን የምጽፈው ጡረታ የወጡ ወይ ሊወጡ የተቃረቡ እናት አባት ላላችሁ ልጆች ነው፣ በተለይ እንደኔ እነሱ አንድ ከተማ እናንተ ሌላ ከተማ ለምትኖሩ። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ እነሱ ደንበጫ ናቸው፣ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከደንበጫ ወጣ ብሎ ገጠር ያርሳል። እኛ ሳናውቅ ብዙ ወር ተጉላልተናል፣ የተሳሳትነውንም ያገኘነውንም እንዳለ ልንገራችሁና ሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

አባቴ ሹፌር ነበሩ። መስሪያ ቤታቸው ከአንድ የግል ክሊኒክ ጋር ውል ስለነበረው የሰራተኛ መታወቂያ ይዘው ከሄዱ እሳቸውም እናቴም ይታከማሉ፣ ሂሳቡ ለመስሪያ ቤቱ ይላካል፣ እኛ ቤት ስለ ህክምና ብር ማውራት ሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ደም ግፊት አለባቸው፣ እናቴ ስኳር አለባት፣ ሁለቱም መድኃኒታቸውን በየወሩ ከዛ ነበር ሚያመጡት። አባቴ 60 ሞልቷቸው ጡረታ ሲወጡ ሽኝት ተደረገላቸው፣ ጋቢ ተሸለሙ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ስለ ህክምናው ግን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። እኛም አልጠየቅንም። በሦስተኛው ወር እናቴ እንደልማዷ የስኳሯን መድኃኒት ልትወስድ ብትሄድ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ መዝገብ ገልጣ ገልጣ «እማማ፣ የእርስዎ ስም ከዝርዝሩ ወጥቷል» አለቻት። እናቴ ምንም አልመለሰችም፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ለኔም አልነገረችኝም። የሰማሁት ከወንድሜ ሚስት ነው፣ እሱም ከስንት ጊዜ በኋላ።

ስለዚህ መጀመሪያ ምለው ይሄን ነው፣ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሰው ሀብት ክፍል ሂዳችሁ ህክምናው በየትኛው ቀን እንደሚቆም፣ የትዳር ጓደኛስ አብሮ ይቆማል ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የተወሰነ ጊዜ ሚያራዝም መስሪያ ቤት ሊኖር ይችላል፣ በቃ ወጣህ ወጣህ ሚልም አለ። ከተቻለ ቀኑን በጽሁፍ ተቀበሉ። እና ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት ባለው ወር ሙሉ ምርመራ አስደርጓቸው፣ ውጤቱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ኋላ አዲስ ቦታ ስትሄዱ ከዜሮ አትጀምሩም።

ህክምናው ከተቋረጠ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ሆዴን ይበላኛል። እናቴ መድኃኒቷን ከሰፈር ፋርማሲ በራሷ ብር ትገዛ ጀመር፣ ብሩ ሲያጥር ደግሞ አንድ ሳምንት ትዘላለች። አባቴ የባሰ ነው ያደረጉት፣ ክኒኑ እንዲበረክትላቸው ቀን እየዘለሉ ይውጣሉ። ደንበጫ ሂጄ ፓኬቱን ሳየው በዛ ቀን ማለቅ የነበረበት መድኃኒት ግማሹ አለ። «አባ፣ ይሄ ለምን አላለቀም?» ስላቸው «ምንም አላመመኝም እኮ ልጄ፣ ሲያመኝ እወስደዋለሁ» አሉኝ። ግፊት እኮ አያምም፣ ክፋቱ እሱ ነው፣ ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ልቡን ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ጭንቅላት ላይ ደም እስኪፈስ ድረስ ምንም ላይሰማው ይችላል። በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ወስጄ አስለካኋቸው፣ 190 በ110 ሆነ። የለካችው ነርስ ሁለት ጊዜ ደገመችው። እኔ እዛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይሄ ነገር ሳይስተካከል ወደ ማርቆስ አልመለስም ብዬ ወሰንኩ።

ከዛ ምን ምን አማራጭ አለ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ የደወልኩት ለግል ኢንሹራንስ ነው፣ ለእናትና አባቴ የጤና ኢንሹራንስ ልግዛላቸው ብዬ። ያነጋገሩኝ ሰዎች ትህትና ነበራቸው፣ ግን የህክምና ኢንሹራንስ በአብዛኛው ምንሸጠው ለድርጅት በቡድን ነው፣ ለግለሰብ ያውም በዚህ እድሜ ላለ ሰው ይከብዳል አሉኝ፣ ቀድሞ የነበረ በሽታ ላይም ጥያቄ አላቸው። ግፊትና ስኳር ላለበት ሽማግሌ እሱ መንገድ እንደማይሆን ገባኝና ተውኩት።

አንድ የአባቴ ጓደኛ ደግሞ «ለጡረተኛ የተለየ መድን አለ፣ ከጡረታችን ላይ ተቆርጦ ነው ምንታከመው» ብለው አባቴን እንዲጠብቁ አድርገዋቸው ነበር። ይሄን በደንብ አጣራሁት ምክንያቱም ብዙ ጡረተኛ እንደዚህ እያሰበ ቁጭ ብሏል። ማህበራዊ ጤና መድን ሚባለው በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 690 ወጥቷል፣ ደሞዝተኛውንም ጡረተኛውንም ይመለከታል፣ ሰውየው የፈጠሩት ነገር አይደለም። ግን አባቴ ጡረታ በወጡበት ጊዜ መዋጮው መቆረጥ አልተጀመረም ነበር፣ ስለዚህ እሱን እየጠበቁ መቀመጥ ያለ ምንም መድን መቀመጥ ነበር።

የቀረን ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፣ ቤተሰብ በዓመት መዋጮ እየከፈለ ሚታከምበት፣ ሰው በአጭሩ ጤና መድን ወይ መድን ሚለው። አባቴ መጀመሪያ አልፈለጉም፣ «እሱ የገበሬ ነው» አሉ። እሳቸውን ያሳመናቸው እኔ አይደለሁም፣ ደቡብ አቸፈር ዱርቤቴ ያለው አጎቴ ነው። መድኑ በ2003 አገር ውስጥ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ሦስት ወረዳዎች ነበሩ የተመረጡት፣ ፎገራ፣ ተሁለደሬና የኛው ደቡብ አቸፈር፣ እና አጎቴ በዛ ጊዜ ከተመዘገቡት ነው። በስልክ ለአባቴ እንዲህ አላቸው፣ «ወንድም ጋሼ፣ እድር ምንከፍለው ስንሞት እንዲቀብሩን ነው፣ ይሄ በቁማችን እንዲያክሙን ነው፣ እኔ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ስሆን በሬ አልሸጥኩም»። አባቴ ስልኩን ዘግተው ትንሽ ዝም ብለው «በሉ ጠይቁ» አሉ።

እንግዲህ ምርጫው የመጣው እዚህ ላይ ነው። መድን መግባት ብቻ ሳይሆን የት ነው ሚገቡት ሚለው ነበር ከባዱ ጥያቄ። መድኑ በወረዳ ነው ሚተዳደረው፣ ወረዳው ከተወሰኑ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ጋር ውል ይዋዋላል፣ አባሉ ሚታከመው በዛ ሰንሰለት ነው። እኔ ማርቆስ ኑና እኔ ቤት ሁናችሁ ተመዝገቡ አልኳቸው፣ ትልቁ ሆስፒታል እዚህ አለ፣ እኔም አለሁ ብዬ። ወንድሜ ደግሞ በኔ የመድን ደብተር ላይ ላስገባቸው አለ፣ በኛ በኩል ዋናው ቤተሰብ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ነው፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ወይም አብሮ ሚኖር እናት አባት ሲኖር ተጨማሪ ተከፍሎ ይገባል። ሦስተኛው እዛው ደንበጫ በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ቀበሌ፣ የራሳቸውን ደብተር ማውጣት ነው። ሦስታችንም ቤት ውስጥ ተቀምጠን ተከራከርን፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ድምጽም ከፍ ብሏል።

ክርክሩን የፈታችልን እናቴ ናት። ተነስታ ጓዳ ገባችና መድኃኒቱን በሙሉ በፌስታል ይዛ መጥታ ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው። «እኔ በዓመት አንድ ቀን ስለምታመመው ምን ያጣላችኋል፣ እኔ ምፈልገው ይሄን በየወሩ ሚሰጠኝን ነው» አለች። ልክ ናት። ሽማግሌ ሰው ላይ ወጪውም ድካሙም ያለው ትልቁ ህመም ላይ አይደለም፣ የወሩ መድኃኒት ላይ ነው። እኛ ስንከራከር የነበረው ስለ ስፔሻሊስት ነበር።

ወረቀት አምጥቼ አንድ በአንድ ጻፍኩት። የእናቴ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ነው። የአባቴ አምሎዲፒን አለ፣ ኢናላፕሪል አለ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አለ፣ ደግሞ ኖርቫስክ ሚል ፓኬት አለ፣ ስሙ የጠፋ ክኒን ደግሞ ላስቲክ ውስጥ ተቋጥሯል። ወረቀቱንም ፌስታሉንም ይዤ ጠዋት ቤታቸው አጠገብ ያለው ጤና ጣቢያ ሄድኩና የመድኃኒት ክፍሏን ልጅ እህቴ እባክሽ ከዚህ ውስጥ እናንተ ጋ ሚገኘው የትኛው ነው አልኳት። ሰው ተሰልፎ እያለ እንኳ አልተሰላቸችብኝም፣ እግዜር ይስጣት፣ ሚገኘው ላይ ምልክት አደረገችልኝ፣ አልፎ አልፎ ሚጠፋው ላይ ክብ አደረገች፣ ከዛ ኖርቫስኩንና አምሎዲፒኑን ጎን ለጎን አስቀምጣ «እነዚህ እኮ አንድ መድኃኒት ናቸው፣ አንዱ የፋብሪካ ስሙ ነው፣ አባትሽ ሁለቱንም ነው እንዴ ሚወስዱት?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ደግነቱ አንዱ ሲያልቅ ነው ሌላውን ሚጀምሩት፣ ደርበው አልወሰዱም። ግን በአንድ ቀን ሁለቱን ቢወስዱስ ኖሮ? ከተለያየ ቦታ መድኃኒት ሚገዛ ሽማግሌ ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ፓኬቶቹን ሰብስባችሁ ለባለሙያ አሳዩ፣ መድኑን ባትገቡም እንኳ ይሄን አድርጉ።

በዛ ወረቀት ነው የወሰንነው። ከሁለቱ ሰዎች መድኃኒት ውስጥ አብዛኛው በእግር አስር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ይገኛል፣ ታዲያ ማርቆስ ምን ያመጣቸዋል? በየወሩ ትራንስፖርት፣ ሽማግሌ ሰው አውቶቡስ ተራ ላይ ማቆም፣ ደግሞ መንገድ ሚዘጋበት ጊዜ እንዳለ ሁላችን እናውቃለን፣ ያኔ መድኃኒቱ ሌላ ከተማ ከሆነ አለቀ። የወንድሜ ደብተር ላይ ማስገባቱም ጥሩ ሀሳብ ነበር፣ ምናልባት በወጪም ይቀል ነበር፣ ግን የሱ ጤና ጣቢያ ገጠር ነው፣ ደብተሩ እሱ ቤት ነው ሚቀመጠው፣ በዛ ላይ እሱ በሆነ ምክንያት አንድ ዓመት ሳያሳድስ ቢቀር እናት አባቴም አብረው ይወድቃሉ። አብረዋችሁ አንድ ቤት ሚኖሩ ከሆነ ግን የናንተው ላይ ማስገባቱ ሳይሻል አይቀርም፣ ጠይቁ። እኛ በራሳቸው ስም ደንበጫ አስመዘገብናቸው።

ጡረተኛ አይመዘገብም ያለን ሰውም ነበር፣ መንገድ ላይ ነው የነገረን፣ ቀበሌ ቀርበን ስንጠይቅ ግን መዘገቧቸው። በመንገድ ወሬ አትመለሱ፣ የናንተው ቀበሌ ምን እንደሚል እዛው ሂዳችሁ ስሙ። የመታወቂያ ኮፒና የሁለቱም ጉርድ ፎቶ ጠየቁን። እናቴ ፎቶ ቤት ስትሄድ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ነው የሄደችው። ክፍያውን ስንት እንደሆነ ባልጽፈው ይሻላል፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ገጠርና ከተማ አንድ አይደለም፣ ከጊዜ ወደ ጊዜም ይስተካከላል። እኛ ለዓመት የከፈልነው ግን ቀደም ብለን ሁለቱ ከኪሳቸው ለሁለት ወር መድኃኒት ያወጡት የነበረውን አይሞላም። ሲከፍሉ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትወጡ፣ የኛ ደብተር በወቅቱ አልደረሰም ነበርና ያዳነን ደረሰኙ ነው። ምንም መክፈል ለማይችሉ አረጋውያን ደግሞ ማህበረሰቡ ራሱ ለይቶ ይመርጣል፣ መዋጯቸውን መንግስት ይሸፍናል፣ ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ምርጫው ሳያልፍ ለቀበሌው ንገሩላቸው፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ሄደው መጠየቅ ያፍራሉ።

አንድ በጣም ያስቸገረን ነገር ጊዜው ነው። ምዝገባውና እድሳቱ በኛ በኩል ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፣ እህል ተወቅቶ ገበሬው እጁ ላይ ብር ሲኖር ነው ቀበሌው ሚንቀሳቀሰው። እኛ የደረስነው ካለፈ በኋላ ነበር፣ ስለዚህ የሚቀጥለው ምዝገባ እስኪመጣ ወራት በኪሳችን ስናሳክም ቆየን፣ እኔም ወንድሜም ተካፍለን በየወሩ መድኃኒቱን ራሳችን እየገዛን እናስቀምጥላቸው ነበር። ከተመዘገባችሁም በኋላ ደብተሩ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሰራ ጠይቁ፣ የመጠባበቂያ ጊዜ ሊኖረው ይችላል። በመካከል ላይ መድኃኒት እንዳያቋርጡ ብቻ፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ደብተሩ መስራት ከጀመረ በኋላ እኔ ራሴ ያጠፋሁት አለ። እናቴ እኔን ልትጠይቅ ማርቆስ መጥታ እግሯን ሳጥብላት ውስጥ እግሯ ላይ ቁስል አየሁ፣ ጫማ የፋቃት ነው፣ እሷ እንኳ አላወቀችውም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስሜቱ ስለሚቀንስ ቁስሉ አይታወቀውም፣ ይሄን ሰምቼ ስለነበር በጣም ፈርቼ በማግስቱ በቀጥታ ሆስፒታል ይዣት ሮጥኩ። ደብተሩን ስሰጣቸው ሪፈር የታለ አሉኝ። ሪፈር የለኝም። ድንገተኛ ተብሎ አልታየም፣ ሙሉውን ከኪሴ ከፈልኩ። ተናድጄ ነበር ግን ህጉ ነው፣ መድኑ ሚሰራው ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ ነው፣ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን እነሱ ራሳቸው ሪፈር ጽፈው ወደ ሆስፒታል ይልካሉ፣ ያለ ሪፈር ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው የናንተ ነው። ድንገተኛ ህመም ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ እናንተ ጋ ለእንግድነት ሲመጡ ቢያማቸው ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ የመድን ጽህፈት ቤቱን ጠይቁ፣ እኔ ይሄን አልጠየቅኩም ነበር። ቁስሉ ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን ሳይባባስ ዳነ፣ አሁን የወንድሜ ሚስት በየሳምንቱ እግሯን ታይላታለች፣ በጣቶቿ መካከል ሳይቀር።

መድኃኒት ሲጠፋም ይጠፋል፣ እሱን አልደብቅም። ሜትፎርሚን አንድ ሁለት ጊዜ የለም ተብላለች። በኛ ወረዳ ሲጠፋ ማዘዣው ላይ «የለም» ሚል ማህተም ያስመታሉ፣ ከውጭ ገዝተው ማዘዣውንና ደረሰኙን ለመድን ጽህፈት ቤቱ ያቀርባሉ። ገንዘቡ ወዲያው አይመጣም ግን መጥቶልናል። እናቴ መጀመሪያ ደረሰኝ ሳትቀበል ነበር ምትገዛው፣ ያ ብር ቀረ።

ማይሸፍነውንም እወቁ፣ ምክንያቱም ሽማግሌ ሚፈልገው ብዙው እዛ ውስጥ አለ። መነጽር አይሸፈንም፣ ሰው ሰራሽ ጥርስ አይሸፈንም። የአባቴን መነጽር እኔ ገዛሁ። በራሳችሁ ወደ ግል ክሊኒክ ከሄዳችሁም አይሸፍንም፣ አባቴ የለመዱት የግል ክሊኒክ ስለነበር ይሄ ከብዷቸው ነበር፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ጠዋት ማልዶ መሄድ ይጠይቃል። እኔ አሁንም ወረፋው ያሳስበኛል፣ ለአረጋውያን ቅድሚያ እንዲሰጥ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋ ገብቼ ተናግሬያለሁ፣ እናንተም ተናገሩ፣ ሲነገራቸው ይሰማሉ።

ከተመዘገቡ በአራተኛው ወር ላይ አባቴ ለክትትል ሲሄዱ 138 በ84 ሆነ። ነርሷ የጻፈችበትን ወረቀት በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና ለእናቴ ሰጧት፣ ማንበብ ባትችልም። እናቴ ደግሞ ደብተሩን ሳጥኗ ውስጥ ከጡረታ ደብተሩ ጋር ነው ምታስቀምጠው።

እድሳቱን እንዳንረሳ እኔም ወንድሜም ስልካችን ላይ ከታህሳስ ጀምሮ እንዲጮህ ሞልተነዋል። ዘንድሮ ግን ስልኩ ሳይጮህ፣ ገና ጤፉ አውድማ ላይ እያለ፣ እናቴ ራሷ ደወለችልኝ። «አንች ልጅ፣ የመድኑን ብር ከእንቁላሉም ከቡናውም አጠራቅሜ ሞላሁት፣ መቼ እንደሚቀበሉ ቀበሌ ጠይቄ መጥቻለሁ፣ የፊታችን ሰኞ ይጀምራሉ» አለችኝ።